አንድ ፕሮቲን በብዙ መዝገብ ፊት
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



 ልንናገርበት የመጣነው ጉዳይ ስሙ ሲጠራ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን መጽሐፍ ገልጦ የሚማረውን ሁሉ የሚመለከት ነው። ይኸውም ስኳርን ከደም ወደ አንጎል ስለሚያሻግር አንድ ፕሮቲንና ፕሮቲኑ ሲጎድል ስለሚመጣው በሽታ፣ የዓለም የሳይንስ መዝገቦች ምን ምን እንደሚሉ፣ በምን እንደሚስማሙና በምን እንደሚለያዩ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው በስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሳችን ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት አራት ሆነን ስለ አንድ የግሉኮስ አሻጋሪ ፕሮቲን ወረቀት እንድናቀርብ ታዘዝን። ሥራውን ተከፋፈልንና አንዳችን ከአንዱ መዝገብ፣ ሌላችን ከሌላው ገለበጥን። ሦስታችን ግሉት 1 ስለሚባለው ስንጽፍ፣ አራተኛው ጓደኛችን የስሙን መመሳሰል አይቶ ኤስ ግሉት 1 ስለሚባለው ጽፎ መጣ። ማንም የማንን ሳያነብ አራቱን ክፍል ሰፍተን አስረከብን። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልን በቀይ ቀለም የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የዚህ ፕሮቲን ጂን ያለው በ1ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው ወይስ በ22ኛው?» የሚል። በመጀመሪያው ገጽ 1ኛው፣ በስድስተኛው ገጽ 22ኛው ብለን ኖሯል። ያን ቀን አፈርን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ዕፍረት በኋላ የሠራነውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፕሮቲኑ ጥቂት እንበል። ግሉኮስ በውኃ የሚሟሟ ነገር ስለ ሆነ፣ በስብ በተሠራው የሕዋስ ሽፋን በኩል እንዲሁ ሊያልፍ አይችልም። በር ያስፈልገዋል። በሩም እንደ ቤት በር ወለል ብሎ የሚከፈት አይደለም፤ ወደ ውጭ ሲከፈት ከውስጥ ይዘጋል፣ ወደ ውስጥ ሲከፈት ከውጭ ይዘጋል። በዚህ አኳኋን አንዱን የስኳር ቅንጣት ተቀብሎ በወዲያኛው ወገን ይለቃል። ስኳሩ የሚሄደው ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለ ሆነ ተጨማሪ ጉልበት አይጠይቅም። በሰው አካል ውስጥ የዚህ ቤተሰብ አባላት 14 ናቸው። ከእነርሱ መካከል ግሉት 1 በቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን ላይ በብዛት ይገኛል፤ ደግሞም ደምን ከአንጎል በሚለየው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ቆሞ ለአንጎል ስኳር የሚያቀብል እርሱ ነው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት መቶ እጅ 2 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዕረፍት ላይ ሳለን ከምናቃጥለው ጉልበት መቶ እጅ 20 ያህሉን ይወስዳል። እንግዲህ የዚህ በር ነገር ቀላል ነገር አይደለም።

ጓደኛችን የተሳሳተበት ኤስ ግሉት 1 ግን የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው። የሚሠራው በአንጀት ውስጥ ሲሆን፣ ስኳሩን ከሶዲየም ጋር አጣምሮ ያስገባል። ሮበርት ክሬን የተባለው ሊቅ ይህን የጥምር ጉዞ ሐሳብ በ1960 በፕራግ ጉባኤ ላይ አቅርቦታል። በተቅማጥ ለተያዘ ሕፃን የምንሰጠው የጨውና የስኳር ውኃ ነፍስ የሚያድነው በዚሁ በር በኩል ነው። እርሱ የተበላሸበት ሕፃን የእናቱን ጡት ሲጠባ ብርቱ ተቅማጥ ይይዘዋል። ግሉት 1 የተበላሸበት ሕፃን ደግሞ ሆዱ ደኅና ሆኖ አንጎሉ ይራባል። ስማቸው በአንድ ፊደል ቢለያይ፣ በሽታቸው በዚህ ያህል ይራራቃል።

የግሉት 1 ጉድለት በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጥ የተጻፈው በ1991 ነው። ዶክተር ዳሪል ዴ ቪቮና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፣ በጨቅላነታቸው የሚጥል በሽታ የጀመራቸውን ሁለት ሕፃናት መረመሩ። የደማቸው ስኳር ልክ ነበር፤ ከወገባቸው በመርፌ በተቀዳው የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ስኳር ግን ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስኳሩ ደጃፍ ድረስ ደርሶ በሩን አጥቷል ማለት ነው። ጂኑ ራሱ እንደ ተበላሸ በ1998 ተረጋገጠ። እያንዳንዳችን የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለን፤ ለመታመም የአንዱ መበላሸት ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜም ብልሽቱ ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ይህን ነጥብ አጥብቀን እንናገራለን፤ በየሰፈሩ የሚጥል በሽታ በታየ ቁጥር ጣት የሚቀሰርባት እናት ናትና።

እንግዲህ ወደ መዝገቦቹ እንለፍ። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚታዩት እነዚህ መዝገቦች፣ አንዳንዶቹ ሥራቸውን የጀመሩት በተራ መጽሐፍነት ነው። ማርጋሬት ዴይሆፍ የፕሮቲኖችን የአሚኖ አሲድ ተርታ ሰብስባ በመጽሐፍ ያወጣችው በ1965 ነበር። ቪክቶር ማኩሲክ በባልቲሞር የሰውን የዘር በሽታዎች ዘርዝሮ ያሳተመው በ1966 ነው፤ ዛሬ ኦሚም የምንለው መዝገብ ከዚያ መጽሐፍ የተወለደ ነው። የፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚያስቀምጠው ፒ ዲ ቢ በ1971 ተቋቋመ። ስዊስ ፕሮት በ1986 በጄኔቫ ተጀምሮ፣ በ2002 ከዴይሆፍ ሥራ ወራሽና ከሌላ መዝገብ ጋር ተባብሮ ዩኒፕሮት ተባለ። ክሊንቫር ደግሞ የጂን ለውጦች በሽታ ማምጣት አለማምጣታቸውን የሚመዘግብ ሲሆን የተከፈተው በ2013 ነው። እኛ ስለ ግሉት 1 እነዚህን ጎን ለጎን አድርገን በአምስት ጥያቄ መረመርናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስሙ ማን ነው የሚል ነበር። ሐኪሞች ግሉት 1 ይሉታል፤ የጂን ሊቃውንት ኤስ ኤል ሲ 2 ኤ 1 ይሉታል፤ በዩኒፕሮት ቁጥሩ ፒ 11166 ነው፤ በኦሚም የጂኑ ቁጥር 138140 ነው። የእኛ ስሕተት ሥሩ እዚህ ላይ ነበር። ስም ይመሳሰላል፣ ይለወጣልም፤ የመዝገብ ቁጥር ግን አይምታታም። አራታችንም በወረቀታችን ራስጌ ይህን አንድ ቁጥር ጽፈን ቢሆን ኖሮ፣ ጓደኛችን ወደ 22ኛው ክሮሞሶም ባልተሰደደም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ርዝመቱ ስንት ነው የሚል ነው። በዚህ ሁሉም ይስማማሉ፤ 492 አሚኖ አሲድ ነው። ማይክ ሙክለርና ባልደረቦቹ ተርታውን በ1985 ካሳወቁ ወዲህ ይህ ቁጥር ጸንቶ ኖሯል። ነገር ግን የለውጦቹን ስፍራ ስንፈልግ ቁጥሩ ተምታታብን። የጥንቶቹ ጽሑፎች አንዳንዶቹ የዲ ኤን ኤውን ፊደል የሚቆጥሩት ከመልእክተኛው አር ኤን ኤ ጫፍ ጀምረው ነው፤ የዛሬው ደንብ ግን ፕሮቲኑ ከሚጀምርበት ፊደል እንዲቆጠር ያዛል። ስለዚህ አንዱ ለውጥ ሁለት የተለያየ ለውጥ መስሎ ይታያል። ማረጋገጫው ግን የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ በሦስት ፊደል ይጻፋል። በ126ኛው ስፍራ ያለውን አርጂኒን እንውሰድ፤ በሽተኞች ላይ ተደጋግሞ ሲለወጥ የታየ ስፍራ ነው። ከእርሱ በፊት 125 አሚኖ አሲዶች ስላሉ 125 በ3 ሲባዛ 375 ይሆናል፤ እንግዲህ የእርሱ ፊደሎች 376፣ 377 እና 378 ናቸው። ከዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር ያየ ተማሪ፣ ቆጠራው ከየት እንደ ተነሣ ሳይጠይቅ አይለፍ።

ሦስተኛው ጥያቄ በሽታው ስንት ነው የሚል ሲሆን፣ ያከራከረን ይህ ነው። ኦሚም በዚህ ጂን ሥር አምስት የበሽታ ስም ያስቀምጣል፤ በጨቅላነት የሚጀምረው ብርቱው ዓይነት፣ በልጅነት የሚጀምረውና በሩጫ ወይም በድካም ጊዜ እጅና እግርን የሚያጣምመው ዓይነት፣ ዲስቶኒያ 9 የሚባለው፣ ለሚጥል በሽታ የሚያጋልጠው፣ በመጨረሻም ቀይ የደም ሕዋስን የሚጎዳው ብርቅ ዓይነት ናቸው። ዩኒፕሮትን ስናይ እርሱም አምስት ይላል። «ሁለት ምስክር ተስማማ፤ ነገሩ አለቀ» አልን። ነገር ግን ጂን ሪቪውስ የተባለውና ለሐኪሞች የሚጻፈው መዝገብ ሁሉንም በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ስም ያጠቃልላቸዋል፤ ከቀላል እስከ ብርቱ የሚደርስ አንድ በሽታ ነው ይላል።

ታዲያ ሁለቱ አንዱን ይረቱታል? በአገራችን ሸንጎ «አይቻለሁ» የሚልና «ሰምቻለሁ» የሚል ምስክር እኩል አይቆሙም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰው ሰምተው ቢመሰክሩ፣ ዳኛው እንደ አንድ እንጂ እንደ ሁለት አይቆጥራቸውም። እኛም የዩኒፕሮትን ገጽ ጠጋ ብለን ስናነብ፣ ከየበሽታው ስም ጎን የኦሚም ቁጥር ተጽፎ አገኘን። ዝርዝሩ ከኦሚም ጋር የተያያዘ ነውና በራሱ የቆመ ሁለተኛ ምስክር አይደለም። ክሊንቫርም ዘንድ ከኦሚም የተላለፉ ብዙ ምስክርነቶች አሉ። ክሊንቫር ግን አንድ መልካም ልማድ አለው፤ እያንዳንዱ ፍርድ ምን ያህል እንደ ተመረመረ ከዜሮ እስከ አራት በሚደርስ የኮከብ ምልክት ያሳያል። የመመዘኛ ደንቡን ሳይገልጥ የቀረበ ፍርድ ኮከብ አያገኝም። ከዚህ በኋላ ኮከቡን ሳናይ ፍርዱን ማንበብ ትተናል።

አምስትና አንድ ለምን ሆነ ብንል፣ ሁለቱም በየዓላማቸው ልክ ናቸው። ኦሚም የሚመዘግበው በጽሑፍ የወጡትን ስሞች እንደ ታሪካቸው ነው፤ አንዳንዶቹ በሽታዎች መንሥኤያቸው ሳይታወቅ ስም ወጥቶላቸው ነበርና። ጂን ሪቪውስ የሚያስበው ለሐኪሙ ነው፤ የሐኪሙ ጥያቄ ደግሞ ስሙ ምን ይባል ሳይሆን ምን ላድርግ ነው። ስለዚህ መዝገብን ከመጥቀሳችን በፊት ለማን እንደ ተጻፈ ማወቅ ይገባናል።

አራተኛው ጥያቄ መልኩ ምን ይመስላል የሚል ነው። የሰው ግሉት 1 ቅርጽ በኤክስሬይ የታየው በ2014 በቤጂንግ፣ በኒየንግ ያን ጓድ ነው፤ በፒ ዲ ቢ 4 ፒ ዋይ ፒ ተብሎ ተመዝግቧል። የጥራቱ መጠን 3.2 አንግስትሮም ነው፤ አንድ አንግስትሮም ማለት የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ቅርጽ ተርታ ከዩኒፕሮቱ ተርታ ጋር ስናስተያየው በ45ኛውና በ329ኛው ስፍራ ልዩነት አገኘን። ሊቃውንቱ ስሕተት ሠርተው አይደለም። በ45ኛው ስፍራ የሚጣበቀው የስኳር ሰንሰለት ክሪስታል ለመሥራት ያስቸግራል፤ በ329ኛው ያለው ለውጥ ደግሞ በሩን ወደ ውስጥ እንደ ተከፈተ ያቆየዋል። እንግዲህ ያየነው በር በአንድ አቋም ላይ እንዲቆም የተደረገ በር ነው። በ2016 ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት ሥራውን ከሚያግዱ ነገሮች ጋር ተጣብቆ ያለውን ቅርጽ ወደ 3 አንግስትሮም በሚጠጋ ጥራት አሳይተዋል። ከ2021 ወዲህ የሚታየው የአልፋፎልድ መዝገብ ሙሉውን 492 ይሥላል፤ ግን ያ ትንበያ እንጂ በዓይን የታየ አይደለም፤ የእርግጠኝነቱንም መጠን በየቀለሙ ራሱ ይናገራል። የታየውንና የተተነበየውን ለይቶ መጻፍ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

አምስተኛው ጥያቄ በሽታው በስንት ሰው ላይ ይገኛል የሚል ነው። በዴንማርክ በተደረገ ጥናት ከ83,000 ልጆች አንድ ተባለ፤ በ2019 በወጣው የስኮትላንድ ጥናት ደግሞ ከ24,000 ልደቶች ወደ አንድ የሚጠጋ ተገኘ። የስኮትላንድ ሕፃናት ይበልጥ ታማሚ ሆነው ነውን? እኛ እንደዚያ አናምንም። በስኮትላንድ የተደረገው ከ3 ዓመት በታች ሆነው የሚጥል በሽታ የጀመራቸውን ልጆች በየጊዜው እየተከታተሉ ጂናቸውን መመርመር ነበር። የፈለገ ያገኛል፤ ያልፈለገ የለም ብሎ ይጽፋል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ይገባል። አንድ የጂን ለውጥ በሽታ ያመጣል ወይስ አያመጣም ብሎ ለመፍረድ፣ በጤነኛው ሕዝብ ዘንድ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ለዚህ የሚያገለግለው ታላቁ መዝገብ ኖማድ ይባላል፤ በ2023 የወጣው አራተኛው ቅጹ የ807,162 ሰዎችን መረጃ ይዟል። ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን አብዛኞቹ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ናቸው፤ ፊንላንዳዊ የሚል ክፍል አለ፣ ኢትዮጵያዊ የሚል ክፍል ግን የለም። በ2015 የወጣው የአፍሪካ የጂኖም ጥናት ከአገራችን አማሮችን፣ ኦሮሞችንና ሶማሌዎችን ጨምሯል፤ የሰዎቹ ብዛት ግን ከዚያኛው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ከእኛ አገር ልጅ ላይ አንድ ለውጥ ቢገኝ፣ «በዓለም ያልታየ ነውና በሽታ ይሆናል» ተብሎ ሊፈረድ ይችላል፤ ምናልባትም ያ ለውጥ በእኛ መንደር ብዙ ጤነኛ ሰው የሚሸከመው ተራ ነገር ይሆናል። ወይም ደግሞ «ትርጉሙ ያልታወቀ» ተብሎ ይተዋል፤ ልጁም ያለ መልስ ይቀራል። በመዝገብ አለመኖር በዓለም አለመኖር አይደለም።

ይህ ለምን እንዳስጨነቀን እንግለጥ። አንድ ሕፃን ተንፈራፍሮ ወደ ሐኪም ቤት ቢመጣ፣ ከወገቡ የተቀዳው ፈሳሽ ስኳሩ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ በአገራችን መጀመሪያ የሚታሰበው ማጅራት ገትር ነው። መታሰቡም ልክ ነው፤ በብዛት ያለው እርሱ ነውና፣ ሳይውል ሳያድርም መታከም አለበት። ነገር ግን በፈሳሹ ውስጥ ነጭ ሕዋስ ካልበዛ፣ ፕሮቲኑ ልክ ከሆነ፣ ላክቴቱም ከፍ ካላለ፣ ያ ዝቅ ያለ ስኳር ሌላ ነገር እየተናገረ ነው። በተለይም መንፈራፈሩ ምግብ ሳይበላ በቆየበት ማለዳ የሚብስ ከሆነ ማሰብ ይገባል። ሁለተኛም፣ በአገራችን ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚሰጠው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰውም ረድቷል። ነገር ግን የዚህ ዘር መድኃኒቶች የግሉት 1ን ሥራ እንደሚያግዱ በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ስለዚህም በዚህ በሽታ ለተያዘ ልጅ እንዳይሰጡ ይመከራል። ቡናም ውስጥ ያለው ካፌይን ከሚከለከሉት አንዱ ነው። ይህን የምንለው ማንም መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዲያቆም አይደለም፤ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው። የምንለው ይህ በሽታ መታወቅ አለበት ነው።

ሕክምናውስ? የስኳሩ በር ቢጠብም ለአንጎል ሌላ በር አለው። ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ኪቶን የሚባሉ ነገሮች ይወጣሉ፤ እነርሱም በሌላ አሻጋሪ ፕሮቲን ወደ አንጎል ይገባሉ። ስለዚህ ለልጁ በሐኪምና በምግብ ዐዋቂ ክትትል፣ ስቡ እጅግ የበዛ፣ እህልና ስኳሩ ያነሰ ምግብ ይሰጠዋል። በብዙዎች ላይ መንፈራፈሩ ይቆማል ወይም ይቀንሳል፤ ቶሎ ሲጀመርም ጥቅሙ ይበልጣል። እንግዲህ በመዝገብ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር በጊዜዋ ተነበበች ማለት አንድ ልጅ ከአስኳላ ቀረ ወይስ ገባ ማለት ሊሆን ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን አራት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየወረቀታችን ላይ የመዝገቡን ስም ብቻ ሳይሆን የመግቢያ ቁጥሩንና ያነበብንበትን ቀን እንጻፍ፤ መዝገብ በየጊዜው ይታደሳልና፣ የትናንቱ ለዛሬ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁለት መዝገብ ተስማማ ብለን ከመደሰታችን በፊት ሁለተኛው ከየት እንደ ሰማ እንጠይቅ፤ የሚቻል ሲሆን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ራሱን እናንብብ። ሦስተኛ፣ ልዩነት ስናገኝ እንዳላየ ሰው አናልፈው። በወረቀታችን ላይ «እዚህ ይለያያሉ» ብለን መጻፍ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የወረቀቱ ፍሬ ያለው እዚያ ላይ ነው። አራተኛ፣ መምህሮቻችን የምንገለብጠውን ሳይሆን የምናመዛዝነውን ሥራ እንዲያዙን በትሕትና እንለምናለን። ያ የቀይ ቀለም ጥያቄ ከብዙ ትምህርት ይልቅ ጠቅሞናልና።

የመጨረሻው ቃላችን ለገዛ ራሳችን ነው። እነዚህ መዝገቦች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ ሰዎች መርምረው፣ ጽፈው፣ ተከራክረው የሞሏቸው ናቸው። የኛ ገጽ ባዶ ነው ብለን ብናለቅስ ባዶነቱ አይሞላም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ነገ በየሆስፒታሉና በየላቦራቶሪው የሚሠሩ አሉ። ያኔ ያዩትን በጥንቃቄ፣ የታማሚውን ፈቃድና ክብር ጠብቀው ቢመዘግቡ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ስለ ገዛ አገሩ ልጅ የሰሚ ሰሚ ሳይሆን ያየ ምስክር ያገኛል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን፤ እኛም ጠይቀን ካገኘነው ይህን አካፈልናችሁ። የተሳሳትንበት ቢኖር አርሙን።